ለእማማ ትርንጎ ያልወጣው መሰላል

ቮይሱን ሳትዘጋ እስከ መጨረሻው ስማ። ተረት በለው፣ ጉድ በለው፤ እኔ እንደሆነ ደሜ ፈልቷል።

እናልህ፣ እማማ ትርንጎ የሚባሉ እናት አሉ። ቤታቸው ያ አሮጌው ፎቅ ነው፣ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ቆርቆሮው የዛገው። ከቅርስ ቢሮ መጡና «ቅርስ ነው፣ መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ግድግዳው ላይ መትተው ሄዱ። የመቱበት ሚስማር ራሱ ግድግዳውን ሰነጠቀው! ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሲገባባቸው ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

እማማ ትርንጎ ሳንባቸው ደክሟል። አየር የሚሰጣቸው ማሽን አለ፣ ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፣ የሰፈሩ መብራት ደግሞ መጣ ሲሉት ይሄዳል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ መብራት ሲጠፋም መተንፈስ። በቃ! ልጃቸው ሐመልማል እንደምንም ብላ ሶላር ገዛች፣ ቴክኒሻን ጠራች።

ቴክኒሻኑ ሰሌዳውን ሲያይ መፍቻውን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «እህቴ፣ ይሄ የቅርስ ቤት ነው። ፈቃድ ካላመጣሽ አልሰቅልም። የምታሰረው እኔ ነኝ።»

ቴክኒሻኑ አልሰቅልም አለ፣ ሶላሩ ሳሎን ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፣ ማሽኑ ዝም አለ፣ እማማ ትርንጎ ትንፋሽ አጠራቸው።

ሐመልማል ቢሮ ሄደች። «ጌታዬ፣ ቴክኒሻኑን ስቀል በሉልኝ።»

የቢሮው ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ፣ «ጣሪያው እኮ ታሪክ ነው» አላት።

«ጣሪያው ያፈሳል!»

«ቢያፈስም ታሪክ ነው። መሐንዲስ ወጥቶ ሸክሙን ይችላል ካላለ አልፈቅድም።»

ቢሮው አልፈቅድም አለ፣ ቴክኒሻኑ አልሰቅልም አለ፣ ሶላሩ ሳሎን ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፣ ማሽኑ ዝም አለ፣ እማማ ትርንጎ ትንፋሽ አጠራቸው።

መሐንዲሱን ለምና አመጣችው። መጣ፣ ወገቡን ይዞ ወደ ላይ አንጋጠጠ። «በምን ልውጣ? ክንፍ አለኝ እንዴ? ረጅም መሰላል አግኚና ደውይልኝ» ብሎ ሄደ።

መሐንዲሱ አልወጣም አለ፣ ቢሮው አልፈቅድም አለ፣ ቴክኒሻኑ አልሰቅልም አለ፣ ሶላሩ ሳሎን ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፣ ማሽኑ ዝም አለ፣ እማማ ትርንጎ ትንፋሽ አጠራቸው።

እዛ ጣሪያ ላይ የሚደርስ መሰላል በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው፤ የእድሩ፣ የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት። ቁልፉ ያለው የእድሩ ዳኛ አቶ ባዩ ጋ ነው። ሐመልማል በሩን አንኳኳች።

«አቶ ባዩ፣ ለግማሽ ቀን ብቻ።»

«ሐመልማልዬ፣ የእድር ዕቃ ለለቅሶ ነው የሚወጣው። ለሠርግ እንኳ አናወጣም። ደንብ ነው።»

«እናቴ እየታፈነች ነው እኮ!»

«እግዜር ይማራት። ክፉ ነገር ከመጣ ግን እንዳትጨነቂ፣ ባንዴ ነው የምንደርስልሽ።»

ሰማኸው? እየኖሩ ሳለ አንድ መሰላል የለም፣ ሲሞቱ ግን ባንዴ!

እድሩ መሰላል አልሰጥም አለ፣ መሐንዲሱ አልወጣም አለ፣ ቢሮው አልፈቅድም አለ፣ ቴክኒሻኑ አልሰቅልም አለ፣ ሶላሩ ሳሎን ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፣ ማሽኑ ዝም አለ፣ እማማ ትርንጎ ትንፋሽ አጠራቸው።

ሐመልማል ቤት ገብታ ሁሉንም ነገረቻቸው። እማማ ትርንጎ ትራሱን ተደግፈው፣ ቃሉን እየቆራረጡ፣ «ለለቅሶ… ከሆነ… ይሰጣል?» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

«እንግዲያው ሞተች በያቸው።»

«እማዬ!»

«ውጪና እሪ በይ። እኔን ነጠላ ሸፍኚኝ። ፊቴን ግን አደራ፣ እንዳታፍኚኝ።»

ሐመልማል በረንዳው ላይ ወጥታ እሪ አለች። የውሸት ልትጮህ ነበር፤ አንዴ ከጀመረች በኋላ ግን እንባው እውነተኛ ሆኖ አረፈው። የቆየባት ሁሉ ወጣ።

ጥሩንባው ተነፋ። ድንኳኑ መጣ፣ አግዳሚው መጣ፣ ያ መሰላል በአራት ሰው ትከሻ እየበረረ መጣ! ከዚያማ ሐመልማል ስልኳን አወጣችና ለመሐንዲሱም፣ ለቢሮውም፣ ለቴክኒሻኑም ደወለች። «እናቴ አረፈች፣ ሰፈሩ መብራት የለውም፣ ለቀስተኛው ጨለማ ውስጥ ሊቀመጥ ነው።» ይህን ብቻ ነው ያለችው። ለሞተ ሰው ማን እምቢ ይላል?

እድሩ መሰላሉን አቆመ። መሐንዲሱ «ነፍስ ይማር» አለና ወጣ፣ ቆርቆሮውን በጫማው መታ መታ አደረገና «ይችላል» አለ። ቢሮው «ነፍስ ይማር» አለና በስልክ ፈቀደ። ቴክኒሻኑ «ነፍስ ይማር» አለና ሰቀለ።

«ማነው ጣሪያ ላይ ያለው?» አለ አቶ ባዩ ከታች።

«ለድንኳኑ መብራት የሚያስገቡ ናቸው» አለች ሐመልማል።

ሶላሩ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ማሽኑ እም… ብሎ ተነሳ፣ እማማ ትርንጎ ተነፈሱ። እስኪጠግቡ ተነፈሱ። ከዚያ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉ፣ በልጃቸው ተደግፈው በረንዳው ላይ ወጡ።

ለቀስተኛው ተተራመሰ። የሚያማትብ አለ፣ አግዳሚ ገልብጦ የሚሮጥ አለ። አቶ ባዩ ብቻ አልሮጠም። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እማማ፣ እድሩን መጫወቻ አደረጉት?»

«ባዩ፣ በቁሜ ለምኜህ ነበር።»

«ጥሩንባ ተነፍቶልዎታል፣ ድንኳን ተተክሎልዎታል። ለአንድ ሰው ሁለቴ አንወጣም። የእርስዎ አልቋል!»

ሰው እንዲህ ይባላል? ዕድሜ ልካቸውን በሰው ለቅሶ ንፍሮ ሲቀቅሉ የኖሩ እናት! ያ ሁሉ ጎረቤት ቆሞ፣ አንድ «ተው» የሚል ጠፋ።

እማማ ትርንጎ የበረንዳውን እንጨት ጨበጡ። «ይሁን» አሉ። «እኔ የለመንኩህ መሰላል ነው፤ መቃብር አልለመንኩህም።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ድንኳኑን ነቀሉ፣ መሰላሉን ተሸክመው ሄዱ።

ሲመሽ መብራት የነበረው እዚያ ቤት ብቻ ነው። በሩ ተንኳኳ። የታችኛዋ ጎረቤት ናት፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ሐመልማልዬ፣ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ?» አለች። ከሷ ኋላ ሌላ ሰው፣ ከሱ ኋላ ሌላ። በመጨረሻ የአቶ ባዩ ሚስት የባሏን ስልክ በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች።

«አልሰካም!» አለች ሐመልማል። «ትሙት ብላችሁ ፈርዳችሁባት!»

ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። በሱ መሃል እማማ ትርንጎ፣ «ስኪላቸው፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ሳልፍ አንቺ እዚሁ ሰፈር ነው የምትቀሪው።»

ሐመልማል ጥርሷን ነክሳ ሰካች።