የተለቀለቀው መስኮት

«ልጄ መጽሐፏን እየቀደደች ብታስቸግረኝ፣ እስክታድግ ብዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አጠፋሁ?» ብላ ስንዱ ጠየቀች። ጎልማሶችን ፊደል የሚያስተምሩት እትዬ አስካለ ጠመኔውን አስቀመጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። እንዲህም አሉ።

አንድ ቁልፍ ያዥ ነበረ። የመንደሩ ሰው ተባብሮ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ወንዱ እንጨት ቆረጠ፣ ሴቱ ከወንዝ ድንጋይ ተሸከመ። አንዲት እርጉዝ ሴት ሳትቀር፣ «በሆዴ ያለው ያነብበታል» እያለች እስክትወልድ ተሸክማለች። መጻሕፍቱ ሲመጡ ቁልፉን ለዚህ ሰው ሰጡት፤ ጎተራው ነቅዞ የማያውቅ ብርቱ ገበሬ ነበርና።

እሱም የሚያውቀውን አደረገ። የዘር እህል እንደሚታሸገው አድርጎ መስኮቱን በጭቃና በእበት ለቀለቀው። በሩን የሚከፍተው ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዶቹም ከደጅ ቆመው የመጻሕፍቱን ጀርባ ያዩና «ጎበዝ» ብለውት ይሄዳሉ።

ያቺ በሆድ የነበረችው ልጅ አድጋ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደረሰባት። እናትየዋ ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ተቀምጦ ወደሚጠብቀው ሰውዬ ሄደች።

«አያ፣ ለልጄ የሒሳብ መጽሐፍ አውሰኝ።»

«እጅሽ ጥላሸት ነው።»

በእንዶድ ታጥባ ተመለሰች።

«አሁን ደግሞ እርጥብ ነው። ወረቀት ውሃ አይወድም።»

ፀሐይ ላይ አድርቃ ተመለሰች።

«ያንቺስ ደረቀ። ልጅሽ እጅ የላትም? መጽሐፍ የሚያበላሸው እኮ እጅ ነው» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ፈተናው አራት ቀን ቀርቶታል። ያን ጊዜ የተሸከመችው ድንጋይ ሁሉ ጀርባዋ ላይ ተመልሶ የተጫነ መሰላት። ጎንበስ ብላ ከግድግዳው ሥር የተረፈ ድንጋይ አነሳችና ጓጉንቸሩን መታችው። በሦስተኛው ተገነጠለ።

መጻሕፍቱ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱን ሳበች። ጀርባው እጇ ላይ ቀረ፤ ውስጡ አፈር ሆኖ ፈሰሰ። ሌላውን ሳበች፤ እሱንም ምስጥ ጨርሶታል።

«ከእኔ በቀር ማንም አልነካቸውም» አለ ሰውየው፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ዘር እንኳ ሲዘንብ ይዘራል። አንተ ግን ምስጥ ቀለብክበት» አለችው።

ልጅቱ ሳታነብ ተፈተነች። ወደቀች።

እትዬ አስካለ ወደ ስንዱ ዞሩ። «ሰውየው ሌባ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያናድደኝም ነበር። እንዳንቺ ሰግቶ ነው። ሳጥንሽ ያ ቤት ነው፤ ቁልፍ ያዡም አንቺ ነሽ። ልጅሽ የቀደደችውን በሙጫ ትለጥፊዋለሽ። ምስጥ የበላውን በምን ልትለጥፊው ነው? ቁልፉን ነጠላሽ ጫፍ ላይ ቋጥረሽዋል፤ እያየሁት ነው። ሂጂና ክፈቺላት።»