የድንቢጧ ልጅ የመጀመሪያ ቃል

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የላም በረት» በሉኝ።

በትልቅ ከተማ፣ ከመኪና መንገድ ዳር፣ አንዲት ጭንቀታም ድንቢጥ ከባሏና ከልጇ ጋር ጣሪያ ስር ትኖር ነበር።

አንድ ቀን ባሏ፣ «ደቡብ፣ ሐይቅ ዳር፣ ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ አይቻለሁ። ልጃችን ክንፍ እያወጣች ነው፤ እንሂድ» አላት።

«ገና አንድ ቃል ሳትናገር? የሰው አገር ወስደህ የእናቷን ቋንቋ ልታስቀርባት ነው?»

«እዚያም ድንቢጥ አለ እኮ!»

«የእነሱ ጫጫታ እንደኛ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ጥሬ አልዋጥ አላት። ዘወትር ልጇን፣ «እስቲ የኔ እናት፣ እንደ እማዬ ጪው በይ» ትላታለች።

አንድ ማለዳ ልጅቷ አፏን ከፈተች። እናት አንገቷን አስግጋ አዳመጠች።

«ጲጵ! ጲጵ!» አለች ልጅት፣ ልክ እንደ ታክሲ ክላክስ።

ድንቢጧ ወደ ባሏ ዞረች። «ሐይቁ በየት በኩል ነው ያልከኝ?»

ተረቴ አበቃ፤ ዳቦው ከእናንተ።