ያዥና ተያዥ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ገብቶ የገበሬው ጎተራ ባዶ በቀረበት ሰሞን፣ የእመት አህዪት አንድ ልጅ ታመመባት። ልጇ ቡሌ ይባላል። ሲቦርቅ እሾህ ረግጦ ኖሮ፣ እሾሁ ኮቴው ውስጥ ተሰብሮ ቀረና እግሩ አበጠ፤ ቀጥሎም መገለ። ቡሌ መቆም አቃተው፤ መጥባትም ተወ። እናቱ በምላሷ ብትልሰው፣ ጭቃ ብትለጥፍበት ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

በዚያ አገር ሐኪም የምትባለው ጃርት ነበረች። መድኃኒት የሚሆነውን ሥር ቆፍራ ታወጣለች፤ መርፌዋንም ከገዛ ጀርባዋ ነቅላ ትሠራበታለች። መጥታ ኮቴውን አየች፣ አሸተተች፣ ፊቷንም አጨፈገገች።

«እህቴ፣ ይሄ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። እሾሁን አውጥቼ መግሉን ካላፈሰስኩት በሽታው ወደ ላይ ይወጣና ልጅሽን ይነጥቅሻል። ከዚያም ቁስሉ እስኪደርቅ ሥር እየወቀጥኩ ማሰር አለብኝ። ዋጋዬ አንድ ቁና ገብስ ነው።»

«ገብስ በክረምት! ከየት አባቴ አመጣለሁ? መኸር ይድረስ እንጂ፣ አውድማ ለአውድማ ቃርሜ አንዲት ፍሬ ሳላጎድል እከፍልሻለሁ።»

«ሚዳቋም እንዲሁ ብላኝ ነበር» አለች ጃርት። «የተሰበረ እግሯን ጠገንኩላት፤ በጠገንኩት እግር ሮጣ አመለጠችኝ። እኔም የማበላቸው ልጆች አሉኝ። ወይ መያዣ ስጪኝ፣ ወይ ተያዥ ጥሪልኝ።»

በአገሩ ሕግ ተያዥ ማለት ዋስ ነው። ባለዕዳው ሳይከፍል የቀረ እንደሆነ እሱ ይያዛል፣ እሱ ይከፍላል። ስለ ዕዳ ቃል የሚሰጠውም ዳኛው አንበሳ ፊት ነው። እመት አህዪት በጃርት ተናደደች፤ ሚዳቋን ስታስብ ግን ልትፈርድባት አልቻለችም።

መጀመሪያ ወደ በቅሎ ሄደች፤ የወንድሟ ልጅ ናትና። ግን በቅሎ አባትሽ ማን ነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት የምትል መሆኗን አገር ያውቃል። ያን ቀንም አክስቷን ፊት ለፊት እያየች «አላውቅሽም» አለቻት።

እመት አህዪት እንባዋን እያዘራች ስትመለስ ቀበሮ ደጇ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እግዜር ይማረው፣ እመት አህዪት። ሰምቼ አንጀቴ አላስችል አለኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ወሬ ምን እግር ያሻዋል?»

አህዪት ዓይኑን ተከተለችው። ቀበሮ የሚያየው ያበጠውን ኮቴ አልነበረም፤ የቡሌን ጭን ነበር።

«መላ ይዤልሽ መጥቻለሁ» አለ ቀበሮ። «ጃርት መያዣ ትፈልግ የለ? ቡሌን ራሱን መያዣ አድርጊው። ይታከማል፣ መኸር ሲደርስ ትከፍያለሽ፣ ልጅሽን ትወስጃለሽ።»

«የጃርት ጉድጓድ አንገቱን እንኳ አያስገባም። የት ታስቀምጠዋለች?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ጃርት ቦታ ስለሌላት ሌላ ያዥ ይያዝላት። አያ ጅቦ ሰፊ ዋሻ አለው። ዘንድሮ ደግሞ ሥጋ እርም ብሎ ይጾማል።»

«ጅብ? ጅብ ይጾማል?»

«ረቡዕና ዓርብ ብቻ መሰለሽ? ቅዳሜንም ጨምሯል!»

አህዪት ወዲያው እምቢ ልትል ነበር፤ ቡሌ ግን በዚያው ቅጽበት አቃሰተ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ «እስቲ ላስብበት» ብላ ሸኘችው።

በአህያ ጆሮ የማይስቅ የለም። ያን ቀን ግን ያ ጆሮ ባይኖር ቡሌ አልቆለት ነበር። ቀበሮ ከዓይኗ እንደተሰወረ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ ሹክሹክታ ሰማች።

«ዳኛው ፊት ምን ትላለህ?» የቀበሮ ድምፅ ነው።

«ተያዥ ነኝ!» የጅብ ድምፅ ነው።

«አንተ ጅል! ያዥ በል። እቁብ ያዥ፣ ገንዘብ ያዥ እንደሚባለው፣ ያዥ! አንድ ፊደል እንዳትጨምር።»

«ብጨምር ምን ይሆናል?»

«ላንተ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። ያልኩህን ብቻ በል። ውርንጭላው ዋሻህ ሲገባ ጭኑ የእኔ ነው።»

«ጉበቱስ?»

«ጉበቱም የእኔ ነው፤ መላው የማን ሆነና!»

ጅብ በቅሬታ አጉተመተመ። አህዪት ሁሉንም ቆማ ሰማች። ጩኺ ጩኺ አላት፤ ግን ብትጮኽ ጃርት አታክምላት፣ ልጇም አያድርላት። ቆይታ ግን ከሁለቱ ወዳጆች መሃል አንዱ ሌላውን እንደማያምነው ልብ አለች። ማልዳ ለቀበሮ «እሺ፤ ግን ጅብ ቃሉን አንበሳ ፊት፣ በገዛ አፉ ይስጥ» ስትል ላከችበት።

ወደ ችሎቱ ሲሄዱ ቀበሮ ከፊት ከፊት ይላል። አህዪት ዘወር ብላ ከጅብ ጎን ሆነች።

«አያ ጅቦ፣ ቀበሮ ‹ያዥ በል፣ ፊደል እንዳትጨምር› አለህ አሉ። እውነት ነው?»

ጅብ ከማን እንደሰማች መጠየቅ እንኳ አልመጣለትም። «ብሎኛል።»

«ግርም ይላል! ያዥማ ምን አለው? ይዞ ይቆይና መልሶ ያስረክባል። ተያዥ ግን ትልቅ ስም ነው። ተያዥ ካልተገኘ ሐኪሟም ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፣ ዳኛውም አይፈርድም።»

ከዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ጅብ ጥርሱን አፋጨ። «ጭኑና ጉበቱ አልበቃው ብሎ ፊደልም ይሰርቀኛል!» ሲል አጉረመረመ። አህዪት ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች።

አንበሳ ሾላው ሥር ተቀምጦ ነበር። ነገሩ ሲነገረው ወደ ጅብ ዞረ።

«አንተስ ለዚች ሴት ምን ልትሆን መጣህ?»

«ተያዥ!» አለ ጅብ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ቀበሮ ብድግ አለ። «ተሳስቶ ነው ጌታዬ! ያዥ ሊል ነው!»

«አልተሳሳትኩም!» ብሎ ጮኸ ጅብ። «ይሄ ሌባ ድርሻዬን ሊያሳንስብኝ ነው! ተያዥ ነኝ፣ አሁንም ተያዥ፣ ነገም ተያዥ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለ አንበሳ። «ጃርት፣ ተያዥ አግኝተሻል፤ ልጁን አክሚ። መኸር ደርሶ ገብስሽ ያልተከፈለ እንደሆነ ይህን ጅብ ይዤ አስረክብሻለሁ። እስኪከፍልሽ ድረስ መርፌሽን ብትሞክሪበት አልፈርድብሽም።»

ጅብ የሰማው ነገር አልገባውም። «እሺ፣ በሉ ውርንጭላዬን ስጡኝ።»

«የምን ውርንጭላ?»

«የምይዘውን ነዋ!»

«አንተ ያዥ ሳትሆን ተያዥ ነህ» አለ አንበሳ። «የምትያዘው አንተ ነህ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ቀበሮ ግን ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ጭራውን ቆልፎ እብስ አለ።

ጃርት የዚያኑ ዕለት እሾሁን አወጣች፤ መግሉም ፈሰሰ። ሥር እየወቀጠች አሰረችለት። ቡሌ መጀመሪያ ጠባ፣ ቀጥሎ ቆመ፣ ቆይቶም እያነከሰ ሣር መጋጥ ጀመረ። እናቱ ያን ስታይ ከደስታዋ ብዛት አናፋች።

ያን ክረምት ግን የከፋው ለጅብ ነው። አህዪት ብትሞት ማን ይከፍላል? አህዪት ብትጠፋ ማን ይያዛል? የጃርትን ጀርባ ባሰበ ቁጥር ሰውነቱ ይሸማቀቃል። ስለዚህ ምራቁን እየዋጠ ይጠብቃት ገባ። ከሌላ አገር የመጣ ጅብ ብቅ ሲል «ዞር በል! ይቺ የእኔ ዕዳ ናት!» እያለ ያባርራል። እመት አህዪትም ለጥበቃው ታመሰግነዋለች፤ ስትግጥ ግን አንድም ቀን ጀርባዋን ሰጥታው አታውቅም።

መኸር ደረሰ። አህዪት ከአውድማ አውድማ እየዞረች ቃረመች፤ ቁናውንም እስከ አፉ ሞላችው። ጃርት እጇን እስከ ታች ሰዳ ከሥሩ እብቅ አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ፈገግ አለች።

«ታማኝ ነሽ፣ እህቴ። በይ ጅብን ከተያዥነቱ ነጻ ማውጣቴን ልንገረው።»

«ንገሪው፤ እውነቱ ነው፣ ነጻ ነው» አለች እመት አህዪት። ቡሌን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ወንዙ አቅጣጫ አስቀደመችው። «ግን በእናትሽ፣ እኛ ወንዙን እስክንሻገር ቆይ በይ።»

ከዚህ የምንማረው፣ በቸገረን ቀን ሳንጠራው ደጃችን የተገኘ ረዳት፣ ሊይዝልን ነው ወይስ ሊይዘን ብለን ሳንመረምር እጃችንን መስጠት እንደሌለብን ነው።