ማን ይቅደም ያሉት የፍሬን ዕቃዎች

ተረት ላወራችሁ ነው። «እሺ» በሉ እንጂ! ምን አፋችሁን ይዛችሁ ታዩኛላችሁ? አዎ፣ እንደዚያ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዲት አሮጊት መኪና ነበረች። መካኒኩ ጋሽ ተካልኝ ዝገቷን ፍቆ፣ ቀለም ቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ አሳምሯታል። የቀራት ፍሬን ብቻ ነው። የቆመችው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ከታች ገደል አለ። እንዳትንሸራተት ከጎማዋ ሥር አንድ ድንጋይ ደግፏታል።

ጋሽ ተካልኝ የፍሬኑን ፔዳል፣ ቡሎኑንና ሞላውን ወለሏ ላይ ደርድሮ «ምሳ በልቼ እስክመጣ ቦታ ቦታችሁን ያዙ» ብሏቸው ሄደ።

ድንጋዩ «ቶሎ በሉ፣ ወገቤ ተቆረጠ!» አለ።

ፔዳሉ ብድግ አለና ቡሎኑን «ይግቡ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለው።

«ኧረ ምን ሲደረግ! እኔ የትናንቱ ዕቃ እርስዎን ቀድሜ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እንግዲያው ሞላው ይቅደም።»

«እኔ? ታላላቆቼ ቆመው? አላደርገውም!» አለ ሞላው።

ሦስቱም ተመልሰው ተቀመጡ።

መኪናዋ «ኧረ እባካችሁ ግቡ!» አለች። እንደገና ተነሡ።

«ይቅደሙ።»

«አይ፣ እርስዎ።»

«በሞቴ!»

አሁንም ተቀመጡ። ኤጭ! እኔን ነው የሚያቃጥለኝ። አንዱ ገባ ቢል ምን ነበረበት?

ድንጋዩ «አልቻልኩም፣ ልለቅ ነው!» ብሎ ጮኸ።

መኪናዋም «እናንተ የማትረቡ! ድግስ የተጠራችሁ መሰላችሁ? ነፍሴ እኮ ነው!» ብላ አለቀሰች።

ለሦስተኛ ጊዜ ተነሡ። ፔዳሉ ጎንበስ ብሎ «እንግዲህ እሜቴም ተቆጡ፤ እርስዎ ይቅ...» ሲል ድንጋዩ ተፈነቀለ።

መኪናዋ ቁልቁል ተንደረደረች። ያን ጊዜ ሦስቱም እኔ ልግባ፣ እኔ ልግባ ተባባሉ። ተጋፉ፣ ተጠላለፉ፣ ማንም አልገባም። ገደል ውስጥ ድው!

አቧራው ሲረግብ ፔዳሉ ቀና አለና «እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ማን ይቅደም ስንባባል እኮ ነው» አለ።

«ተዉት፣ እኔ ቀደምኳችሁ» አለች መኪናዋ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ተረቴ ይኸው ነው። ሥራ ሲጠብቃችሁ ግቡና ሥሩ። ክብሩን ሥራው ሲያልቅ ትለዋወጡታላችሁ።