አልነሳም ያለው መደብ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። እንደሰማሁት ነው የምነግራችሁ፤ ቃል ከጎደለ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ድሮ፣ ዕቃም እንስሳም በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ከተማ ቁልቁለት ላይ አንድ የጭቃ ጠጅ ቤት ነበር። የሠሩት የባለቤቲቱ የወይዘሮ ደብሪቱ አያት ናቸው። በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረው፣ በላዩ ጭቃ መርገው መደብ አበጁ። ጠጪ ሁሉ የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነበር።

አይጥ የጓዳውን ማር ተመኘች። በበሩ እንዳትገባ ድመት አለች፤ በግድግዳው ሥር እንዳትቆፍር የመደቡ ድንጋይ ጥርሷን ሰበረው። ወይዘሮ ደብሪቱ ወንበሮች የገዙ ቀን ግን ዘዴ መጣላት። መደቡ ቤቱን አስረጅቶታል አለች። አይጥ ለወንበሮች፣ ወንበሮች ለወይዘሮዋ ነገሩ። የቀኙ መደብ ፈረሰ፤ ግድግዳው ተሰነጠቀ።

ፀሐይ ነው የሰነጠቀው፣ የግራውም ይፍረስ አለች አይጥ። አይጥ ለወንበሮች፣ ወንበሮች ለወይዘሮዋ ነገሩ። የግራውም ፈረሰ፤ በሩ አልዘጋ አለ።

እንጨቱ አርጅቶ ነው አለች። አይጥ ለወንበሮች፣ ወንበሮች ለወይዘሮዋ ነገሩ። ወይዘሮዋም ዶማ ይዘው ወደ ኋላው መደብ መጡ።

«አንተ ሰነፍ» አለው አንዱ ወንበር፤ «ዕድሜህን ሙሉ ተቀምጠህ! ተነስ እንጂ።»

«አልነሳም» አለ መደብ። «እኔ ተቀምጬ አላውቅም። ቤቱ ወደ ቁልቁለቱ ሲያዘነብል ደግፌ የምይዘው እኔ ነኝ። ጠጪውም ሲቀመጥብኝ ያረፈ ይመስለዋል እንጂ አብሮኝ ቤት ይደግፋል። እመቤቴ፣ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ይመልከቱ።»

ወይዘሮዋ ስንጥቁን በእጃቸው ተከተሉት። ከፈረሰው መደብ ላይ ይጀምራል። ከሥሩም የአይጥ ጉድጓድ አገኙ። ዶማውን አስቀምጠው ጭቃ ሊያቦኩ ወጡ።

ክረምት ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። የቤቱ ደንበኛ ባሻ ሽብሩ ብርሌያቸውን ይዘው ሳቁ።

«ደብሪቱ፣ ከክረምት ጋር ልትሽቀዳደሚ ነው?»

«እሽቀዳደማለሁ። ባሻ፣ ይነሱና ድንጋይ ያቀብሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጠጅ የሚቀዳው ለሠራ ነው።»

ባሻ ተነሱ። ሌላውም ተነሳ። ወይዘሮዋ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ረገጡ፤ እግራቸው ቆሰለ፣ አልተዉም። ጉድጓዱን በድንጋይ ደፍነው የፈረሱትን መደቦች መልሰው ሠሩ። በሰባተኛው ቀን የመጨረሻውን ምርጊት ለቀለቁ፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ዝናቡ ወረደ። ቤቱ ቆመ። አይጥ ደጅ በሰበሰች፤ ወንበሮቹም እንግዳ ሲበዛ ብቻ የሚወጡ ሆኑ።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ቤት ያቆመውን፣ ተቀምጧል ብላችሁ ተነስ አትበሉት።

ተረቴ አለቀ። እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት የተቀመጣችሁበትን ዞር ብላችሁ እዩት።