የደመላሽ መልስ

አንድ ናሁሠናይ የሚባል የፊልም ተዋናይ ነበር። ታክሲ እንዳያመልጠው ካልሆነ በቀር በሕይወቱ ሮጦ አያውቅም። ሆኖም አንድ ጊዜ ደመላሽ የተባለ ሯጭ ሆኖ እንዲጫወት ተመረጠ። በፊልሙ ውስጥ ደመላሽ በውድድር መሐል ወድቆ እግሩ ይሰበራል፤ ተነሥቶ እያነከሰ ይሮጣል፤ ያሸንፋልም። የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ «እግር አይደክምም፤ የሚደክመው ልብ ነው!» ብሎ ይጮኻል።

ፊልሙ ተመልካቹን ሁሉ አስለቀሰ። ከዚያ በኋላ ናሁሠናይን በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ። የታክሲው ረዳት «ደመላሽ፣ አንተ ደግሞ ታክሲ ምን ያደርግልሃል?» ይለዋል። ባለ ሱቁ «የኛ ጀግና» እያለ ወንበር ይለቅለታል። መጀመሪያ ላይ «እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ» እያለ ያርማቸው ነበር። እንዲህ ሲላቸው ግን የሆነ ነገር የነጠቃቸው ይመስል ፊታቸው ቅዝዝ ይላል። ስለዚህ ማረሙን ተወ።

ቆይቶ ራሱንም ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። ሰው በተሰበሰበበት ሲያልፍ ቀኝ እግሩን ሳብ ማድረግ ጀመረ። በመጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ ሳያውቀው ሆነ። አንድ ጠዋት እግሩን ሲያመው ሐኪም ዘንድ ሄደ።

«ከዚህ በፊት ተሰብሮ ያውቃል?» አለው ሐኪሙ።

«አዎ።»

«መቼ?»

የተሰበረው የደመላሽ እግር መሆኑ ትዝ ያለው ያኔ ነው። እግሩ ራጅ ተነሣ፤ አጥንቱ ደህና ነበር። ከክሊኒኩ ሲወጣ ግን እያነከሰ ነው።

በዚህ መሐል አንድ አሰልጣኝ፣ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ የሚዘጋጁ አትሌቶቹን እንዲያበረታታለት ጋበዘው። ናሁሠናይ ሄዶ ንግግር አደረገ፤ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ሊወጣ ሲል ትርንጎ የምትባል ሯጭ በሩ ላይ አስቆመችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅልጥሜን ካመመኝ ሰነባበተ። ሐኪሙ አጥንትሽ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ እረፊ ብሎኛል። የምርጫው ውድድር ደግሞ እሑድ ነው። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ ዕድል አላገኝ ይሆናል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ያ እኮ ፊልም ነው» አላት ቀስ ብሎ።

«ፊልም መሆኑንማ አውቃለሁ። ግን ሲወድቁ ፊትዎን አይቼዋለሁ። ሕመምን የማያውቅ ሰው እንዲያ ያለ ፊት አይኖረውም።»

ናሁሠናይ «አላውቅም» ማለት ፈልጎ ነበር። ልጅቱ ግን በዓይኗ ትለምነዋለች፤ ሌሎቹም አትሌቶች ከኋላዋ ቆመው ያዳምጣሉ። ከእሱ ደመላሽን እንጂ ሌላ ሰው የሚጠብቅ አልነበረም። ሳያስበው ደረቱ ተነፋ፤ ድምፁ ጎርነን አለ።

«እግር አይደክምም፤ የሚደክመው ልብ ነው» አላት።

ትርንጎ አቅፋ ሳመችው።

እሑድ ናሁሠናይ ስታዲየም የክብር ቦታ ተሰጥቶት ተቀመጠ። ትርንጎ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ከመሪዎቹ አልተለየችም። ደወሉ ሲደወል ፍጥነቷን ጨመረች፤ ወዲያው ወደቀች። ተነሥታ አንድ ሁለቴ ስትራመድ፣ ፊልሙን የሚያውቀው ሕዝብ በእልልታና በፉጨት ስታዲየሙን አናወጠው። ናሁሠናይም ተነሥቶ ይጮኽ ነበር። እሷ ግን ዳግመኛ ወደቀችና መሬቱን በጥፍሯ ያዘች። እልልታው ትንሽ ቀጠለ፤ ሰው ሁሉ አሁን ትነሣለች ብሎ ይጠብቅ ነበር። የተነሣችው በቃሬዛ ነው።

ናሁሠናይ ሆስፒታል ሊጠይቃት ሲሄድ እግሯ በጄሶ ታስሮ አገኛት።

«ጋሼ፣ ለምን ዋሹኝ?» አለችው።

«አልዋሸሁሽም። ደመላሽ እንዲህ ነው የሚለው።»

«እኔ የጠየቅኩት እርስዎን ነው።»

ናሁሠናይ ኮፍያውን አወለቀና «ያን ቀን ማን እንደመለሰልሽ እኔም አላውቅም፣ ልጄ» አለ። «ሮጬ አላውቅም። ከሩቅ የሚታየው ሩጫ የእኔ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው የሮጠልኝ። ላቡም ውኃ ነበር፣ እየረጩኝ።»

«ፊትዎስ?»

«እሱ እውነት ነው። ያን ትዕይንት በቀረጽን ቀን መንጋጋ ጥርሴን በጣም አሞኝ ነበር። በማግስቱ አስነቀልኩት።»

ትርንጎ ድንገት ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። እሱም አብሯት ይሳቅ ወይም ያልቅስ ሳያውቅ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቆመ።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ አትሌቶቹ ሄደ። «ስሜ ናሁሠናይ ነው» አላቸው። «ስለ እግር የማውቀው ነገር የለም። ያመመው ሐኪሙን ይስማ።» አንዳንዶቹ ተቆጥተው ወጡ። አንዱ ደግሞ ንግግሩን እስኪጨርስ ጠብቆ፣ «ደመላሽ፣ አብረን ፎቶ እንነሣ?» አለው። «ከናሁሠናይ ጋር ከሆነ እሺ» አለና አብሮት ተነሣ።

ትርንጎ ለወራት በክራንች ሄደች፤ ከዚያም መሮጥ ጀመረች። እንደ ቀድሞዋ ሆነች ወይስ አልሆነችም በሚለው የሚያውቋት ሰዎች ዛሬም አይስማሙም። ናሁሠናይም አንዳንድ ጠዋት እግሩን ያመዋል ይባላል። የማን ሕመም እንደሆነ ግን አሁንም አልገባውም።

ሰዎች ባልሆንነው ነገር ሲያከብሩን ዝም ማለት ቀላል ነው፤ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰው ያንን ክብር አምኖ፣ የሕይወቱን ጉዳይ ይዞ ደጃችን ሲቆም ነው። «አላውቅም» ማለት ክብራችንን ይቀንስብን ይሆናል፤ የሰው አጥንት ግን አይሰብርም። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ሰው ምክር ሲጠይቀን የምንመልሰው እኛ ራሳችን ነን ወይስ ጠያቂው በእኛ ውስጥ አየሁ ብሎ ያመነው ሌላ ሰው?