ሥራ የፈቱ ፍሬቶች

አቶ ውብአንተ የሚባሉ የአንድ ባህል አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ ለአዳራሹ የኤሌክትሪክ ጊታር ሊገዙ ሄዱ። ሻጩ ሁለት ጊታሮች አቀረበላቸው። አንዱ ባለ ሃያ ሁለት ፍሬት፣ ሌላው ባለ ሃያ አራት ነበር። ፍሬት ማለት በጊታሩ አንገት ላይ በተርታ የተተከለው ቀጭን ብረት ነው። አቶ ውብአንተ ሳያስመቱ፣ ሳይሰሙ፣ ብዙ ያለውን አስጠቅልለው መጡ።

እሑድ ዝግጅቱ ሲጀመር ከፊት ረድፍ መካከል ተቀምጠው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ዘፈኑ እንዳለቀ ብድግ አሉና ጊታር መቺው ላይ ጮኹበት።

"አንተ ሰው፣ የነካኸው ዘጠኙን ብቻ ነው! አሥራ አምስቱ ምን በደሉህ?"

"ጌታዬ፣ እነዚያ በጣም ቀጭን ድምፅ የሚሰጡ ናቸው። ዘፈኑ እዚያ ድረስ አይወጣም።"

"ይውጣ! በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ንብረት ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። በእያንዳንዱ ዘፈን ሃያ አራቱም ይነካሉ፤ አለዚያ ጊታሩን አስረክበህ ከሥራህ ውጣ!"

ሰውዬው ሌላ እንጀራ አልነበረውም። ጊታሩን ከትከሻው ሳያወርድ አዳራሹን ዞር ብሎ ቃኘ።

"እሺ ጌታዬ" አለ። "ይህ አዳራሽ ሦስት መቶ ስልሳ ወንበር አለው፤ ሁሉም የተገዛው በሕዝብ ገንዘብ ነው። እርስዎ ግን አሥር ዓመት ሙሉ የተቀመጡት በዚያች በአንዷ ላይ ብቻ ነው። አሁን ዘፈኑን እንደገና ስጀምር ከዳር ጀምረው በየወንበሩ ይቀመጡ። ንብረት ነውና ሰው ያለበትንም እንዳይዘሉ። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ እጅዎን ያውጡልኝ፤ ሃያ አራተኛዋን ፍሬት ያን ጊዜ እነካታለሁ።"